ሥራ ያጣ አረጋዊ ጤናውንም እንዳያጣ

«ሥራ ያጣ መነኵሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው በሥራ ፈት ላይ ለመሣቅ ነው። ነገር ግን አስተውለን ብንመረምረው ተረቱ ስለ ስንፍና የተነገረ አይደለም። መነኵሴው ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ቆቡን ቀዶ ለመስፋት ባልደከመም ነበር። ሥራ የለመደ እጅ ሥራ ያጣ እንደ ሆነ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደማይችልና የገዛ ንብረቱን ወደ ማበላሸት እንደሚደርስ የሚያስረዳ የአባቶች አባባል ነው። እኔም በሕክምና ሥራዬ እንደ ተመለከትሁት፣ ሥራ ያጣ ሽማግሌ የሚበላሽበት ቆቡ ብቻ አይደለም፤ ጤናው ጭምር ነው።

በዚህች ወርኃዊ ጽሑፍ ስለ መጸዳጃ ጕድጓድ፣ ስለ ዝንብ፣ ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ እጅ መታጠብ ስንጽፍ ቆይተናል። በዚህ ወር ደግሞ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ካለፈ በኋላ ሥራ ስላጡ ሰዎች መጻፌን የሚያዩ አንባብያን፣ «ይህ የጤና ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነውን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጉዳያችን መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም፤ ከዚሁ ከከተማችን እንጀምር።

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በምትገኘው በይጁቤ ጧት ማለዳ የቀን ሠራተኞች ሥራ ፍለጋ ይቆማሉ። ካቦው ይመጣና ዓይኑን ከዳር እስከ ዳር ያሳልፋል። ባሬላ የሚሸከም፣ ድንጋይ የሚያነሣ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ ጕልማሳ ይመርጣል። ዓይኑ ሽበት ባለው ሰው ላይ ሲደርስ ሳያርፍ ያልፋል። ሽማግሌው እስከ ረፋድ ይጠብቃል፤ ከዚያም ዶማውን ተሸክሞ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ባዶ እጁን በጧት መግባት ያሳፍረዋልና። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹን ከጥቂት ወራት በኋላ በሕክምና ክፍል ውስጥ አገኛቸዋለሁ። ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የጨጓራ ቃጠሎ፣ የደረት መጨነቅ ይሉኛል። ከመካከላቸው «ሥራ አጥቼ ታመምሁ» ያለኝ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። የሚጠይቃቸው ስለሌለ አይናገሩም።

እኔም ካልጠየቁት አንዱ ነበርሁ። ይህን ስጽፍ ሌላውን ለመውቀስ እንዳይመስል የራሴን ጥፋት አስቀድሜ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ስፍራ ስሠራ፣ ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋ የእህል መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ወደ እኔ መጣ። የደም ግፊቱን ብለካው 170 በ100 ሆነ። መድኃኒት አዘዝሁለትና፣ «አባቴ፣ ከእንግዲህ ሥራው ይቅርብዎ፤ ይረፉ» ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። በውጭ አገር የተማርሁትን ሕክምና በትክክል የፈጸምሁ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ወረቀቱን ለአሠሪው አሳየ፤ አሠሪውም ሐኪም ሥራ ከልክሎታል ብሎ በማግሥቱ አሰናበተው። ከሰባት ወር በኋላ ልጁ ደግፎ አመጣው። ስትሮክ የሚባለው የአንጎል የደም ሥር ሕመም መትቶት ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኗል። መድኃኒቱን ከተወ አራት ወር አልፎት ነበር። ለምን እንደ ተወው ባለቤቱን ስጠይቃት እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፤ «ዘበኛ ሳለ ራቱን በልቶ ለመውጣት ሲነሣ ይውጠው ነበር። መውጫው ሲቀር መዋጫውም ቀረ። ኋላም መግዣው ቀረ።»

እኔ ማለት ይገባኝ የነበረው «ሥራ ይተው» ሳይሆን «በቀን ተራ ይሥራ፣ ከባድ ሸክም አያንሣ፣ መድኃኒቱን አያቋርጥ» ነበር። ለመጻፍ የሚወስደው ጊዜ ያው ነው። ሕመሙን መርምሬ ኑሮውን ባለመመርመሬ ግን በአንዲት ወረቀት ደመወዙን፣ የቀኑን ሥርዓትና መድኃኒቱን በአንድነት ነጠቅሁት።

ይህ በአንድ ሰው ላይ የደረሰ አጋጣሚ ብቻ እንዳልሆነ ሌሎች አገሮች በረጅም ጊዜ ጥናት አረጋግጠዋል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሠራተኞችን ለ10 ዓመት ያህል የተከታተለና በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 የታተመ ምርመራ፣ ሳይፈልጉ ከሥራ የወጡት ሰዎች በሥራ ላይ ከቆዩት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ የመያዛቸው ዕድል ከእጥፍ በላይ ሆኖ እንደ ተገኘ ይገልጻል። በዚያው አገር በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት ለረጅም ዘመን የሠሩበትን ቦታ ስላጡ ሰዎች የተደረገውና በ2009 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሥራ ከጠፋ በኋላ ባለው ዓመት የሟቾች ቍጥር ከተለመደው ከ50 እስከ 100 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከ20 ዓመት በኋላም እንኳ ልዩነቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ገቢያቸው አብዝቶ የቀነሰባቸው ሰዎች አብዝተው ተጐድተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን መምህራን ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ቀደም ያለ ምርመራ አለ። ከኦስትሪያ ዋና ከተማ ከቪየና አጠገብ ማሪየንታል የምትባል የፋብሪካ መንደር ነበረች። የመንደሪቱ ሕዝብ የሚኖርበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1929 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር የሕዝቡን ኑሮ መርምረው በ1933 መጽሐፍ አሳተሙ። ጊዜ የተረፈው ሰው አብዝቶ ያነባል ተብሎ ይገመት ይሆናል። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መጽሐፍ ለመዋስ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ቢቀርም እንኳ፣ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚወጣው መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ወንዶቹ በመንገድ ሲሄዱ እርምጃቸው ዘገየ፤ በየመካከሉም ይቆሙ ነበር። ሴቶቹ ግን የቤቱ ሥራ ስለሚጠብቃቸው ፈጥነው ያልፉ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ ለሰው ገንዘብ ብቻ የሚሰጥ አለመሆኑን ነው። የሚነሣበትን ሰዓት፣ የሚገናኛቸውን ሰዎች፣ በሌላው ዘንድ ያለውን ክብርና የቀኑን ዓላማ ጭምር ይሰጠዋል። እነዚህ በአንድነት በተወሰዱ ጊዜ የተረፈው ሰዓት ዕረፍት አይሆንም።

ጕዳቱ በምን መንገድ ወደ ሰውነት እንደሚገባ በዚህ አገር ያየሁትን በቅደም ተከተል ልግለጽ።

አንደኛው መንገድ በኪስ በኩል ነው። ገቢ ሲቋረጥ ከቤቱ መጀመሪያ የሚቀረው እንጀራ አይደለም፤ ሳሙና ነው። ከሳሙና ቀጥሎ ወጡ ይቀጥናል፣ ከዚያም የሕክምና ወጪ ይቀራል። ሳሙና ከቤት ሲወጣ ተቅማጥ፣ እከክና የዓይን ማዝ ይገባሉ። የአማራ ክልል የዓይን ማዝ ማለት ትራኮማ እጅግ ከተስፋፋባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ መሆኑን ካስታወስን፣ የአያት ሥራ ማጣት በልጅ ልጅ ዓይን ላይ እንዴት እንደሚታይ እንረዳለን። ስለ ፊት መታጠብ በየትምህርት ቤቱ የምናስተምረው ትምህርት ሳሙና የሚገዛ ሰው በሌለበት ቤት ግማሽ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው በሐሳብ በኩል ነው። የሚጨነቅ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ለጭንቀት የሚፈጠረው ኃይለኛ ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ሲመላለስ የልቡን ምት ያፋጥናል፣ የደም ግፊቱንም ያነሣል። በአገራችን በአውሮፓ አቈጣጠር በ2015 በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት 100 ሰዎች መካከል 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ጊዜ ስለሚቆይ፣ በሽታው እንዳለባቸው የማያውቁ ብዙዎች ናቸው።

ሦስተኛው በባዶው ሰዓት በኩል ነው። ከረፋድ ጀምሮ የሚውልበት ያጣ ሰው ጥላና ወሬ ወዳለበት ይሄዳል፤ በእኛ አገር ይህ ብዙ ጊዜ አረቄ ቤት ነው። መጀመሪያ ጓደኛ ይጋብዘዋል፤ ኋላ በዱቤ ይጠጣል። አረቄ ጉበትን ከመጕዳቱም በላይ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ በቤትም ጠብ ያመጣል።

አራተኛው በእፍረት በኩል ነው። የዕድር መዋጮ የቀረበት ሰው ከዕድሩ መራቅ ይጀምራል። ማኅበሩንም ተራው ደርሶ መደገስ ስለማይችል ይተዋል። ከሰው የተለየ ሽማግሌ ቢታመም ቶሎ የሚያይለት አያገኝም።

አምስተኛው ደግሞ በእግር በኩል ነው። ከጎጃም ደጋ ብዙ ሰው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ሲወርድ ኖሯል። የሚወርዱት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። በከተማ ሥራ የተከለከለ አረጋዊም ተስፋ ሲቈርጥ ይከተላቸዋል። በዚያ ወባና ካላ አዛር ይጠብቁታል። ትኩሳቱ ረዘም ያለ፣ ሰውነቱ የከሳና ሆዱ በግራ ጎኑ ያበጠ ተመላሽ ቢያጋጥም ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

በዚህ ላይ የሴቶቹን ነገር መርሳት አይገባም። ባል ሥራ ሲያጣ ሚስት እንጀራ በመጋገር፣ ጠላ በመጥመቅ ወይም ልብስ በማጠብ ቤቱን ትይዛለች። እርሷ በዕድሜዋ ምክንያት ይህን ማድረግ ሲያቅታት ግን «ሥራ አጣች» የሚል ሰው የለም፤ ከጢስ ያገኘችው ሳልና የወገብ ሕመም ብቻ ይቀርላታል።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ «ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሽማግሌው ሥራ ያጣው ስለ ታመመ ነው እንጂ ሥራ ስላጣ አልታመመም።» ክርክሩ ቀላል አይደለም። ከላይ የጠቀስሁት የፔንሲልቬንያ ጥናት ይህንኑ መርምሮ፣ የሞቱ መጨመር በሽተኞች ተመርጠው በመሰናበታቸው ብቻ የመጣ አለመሆኑን አሳይቷል። ቢሆንም በእኛ አገር በሽታ ብዙ አረጋውያንን ከሥራ እንደሚያስወጣ አልክድም። ሁለቱ እንደ ጋሪ መንኰራኵር ተያይዘው የሚዞሩ ናቸው። ይህ ግን ለኛ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ መንኰራኵሩን በአንድ በኩል ብንይዘው በሌላውም በኩል ይቆማልና።

ለምሳሌ ዓይንን እንውሰድ። ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ የሰው ሁሉ ዓይን ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ማየት እየተሳነው ይሄዳል። ይህ በሽታ ሳይሆን የዕድሜ ሕግ ነው። ነገር ግን ልብስ ሰፊው ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ማግባት ሲያቅተው፣ ሸማኔው የተበጠሰውን ድር ለይቶ መቀጠል ሲሳነው፣ «አረጀሁ» ብሎ ሙያውን ይተዋል። በእጁ ያለውን የ30 ዓመት ዕውቀት የሚያስጥለው አንድ መነጽር ማጣቱ ነው። በባንግላዴሽ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 ለሆኑና ሥራቸው ቅርብ ማየትን ለሚጠይቅ ሰዎች የቅርብ ማያ መነጽር ተሰጥቶ በተደረገውና በ2024 በአውሮፓ አቈጣጠር በታተመው ሙከራ፣ መነጽር ያገኙት ሰዎች ገቢ ካላገኙት በ33 በመቶ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ለእይታ መጥፋት ዋናው ምክንያት በሆነውም ሕመም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። እንግዲህ ስንት «ያረጀ» ሠራተኛ በእውነት ያላረጀ እንዳለ እናስተውል።

ሌላው ተቃውሞ ከቅን ልብ የሚመጣ ነው። «ሽማግሌ ይረፍ እንጂ ለምን ይሠራል? ልጆቹ ይጡሩት» ይባላል። መጦር የአገራችን መልካም ልማድ ነው፤ ማንም እንዲያፈርሰው አልሻም። ነገር ግን ዕረፍትና ሥራ ማጣት አንድ አይደሉም። ዕረፍት ማለት እንጀራው ሳይጐድል፣ ክብሩ ሳይነካ፣ በፈቃዱ ሥራውን ለሚቀንስ ሰው የሚሆን ነው። ሥራ ማጣት ግን እየፈለገና እየቻለ የተከለከለ ሰው ዕጣ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከአዋጅ ቁጥር 209/1955 ጀምሮ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛም ከአዋጅ ቁጥር 715/2003 ጀምሮ የጡረታ ሕግ አለው፤ መውጫውም 60 ዓመት ነው። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚውለው የቀን ሠራተኛ ግን የጡረታ ደብተር የለውም። ልጆቹም ብዙ ጊዜ ራሳቸው ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። ስለዚህ «ይረፍ» ስንለው የምንሰጠው ዕረፍት የለንም።

ጡረታ ያለው መምህርም ቢሆን ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። 30 እና 40 ዓመት በደወል ሲነሣና ሲቀመጥ የኖረ ሰው፣ በ60 ዓመቱ ደወሉ በድንገት ዝም ሲልበት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ከመውጣቱ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የሚውልበትን ቢያዘጋጅ፣ ለምሳሌ የጐልማሶችን ትምህርት፣ የዕድርን ሒሳብ ወይም የጓሮ አትክልትን ቢይዝ፣ የጡረታው ዘመን በእውነት የዕረፍት ዘመን ይሆንለታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከራሳችን እጀምራለሁ። እኛ የጤና ሠራተኞች ዕድሜው ከ50 ዓመት ያለፈ ታካሚ ሲመጣ «ምን ያምዎታል?» ብለን ስንጠይቅ «ምን ይሠራሉ? ሥራው አሁን አለ ወይ?» ብለንም እንጠይቅ። ለአሠሪ በምንጽፈው ወረቀትም ታካሚው የማይችለውን ብቻ ሳይሆን የሚችለውንም እንጻፍ። የደም ግፊቱን ለክተን፣ ዓይኑን አይተን፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል መሆኑን ጠይቀን እንሸኘው። መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ድኾች በቀበሌያቸው ተመርጠው መንግሥት የሚከፍልላቸው መንገድ እንዳለም እንንገረው።

አሠሪዎችና የከተማው አስተዳደር ደግሞ ሥራውን ከፍለው ይመልከቱት። ባሬላ ለመሸከም ጕልማሳ ያስፈልጋል። መሣሪያ ለመጠበቅ፣ ቦኖ ለመቈጣጠር፣ ችግኝ ለማጠጣት፣ ዕቃ ቈጥሮ ለመረከብ ግን ጕልበት ሳይሆን ትዕግሥትና ታማኝነት ያስፈልጋል፤ ይህም በሽበት ዘንድ አይጠፋም። በየሥራው ቦታ እንዲህ ያለው ቀላል ሥራ ለአረጋውያን ቢጠበቅ የሚጨምር ወጪ የለውም።

መምህራን ሆይ፣ እናንተ የየቤቱን ኑሮ በልጆቹ ፊት ላይ ታነባላችሁ። ልጅ ፊቱን ሳይታጠብ ቢመጣ ከመቈጣት በፊት በቤቱ ሥራ ያጣ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ዕድሮችም መዋጮ ያቋረጠውን አረጋዊ ከመሰረዝ ይልቅ ሽማግሌ ልከው ያነጋግሩት፤ ጥቂት ወር ቢታገሡት የሚያተርፉት ሰው ነው።

ሥራ ላጣው አባትም የምለው አለኝ። በለመዱት ሰዓት ይነሡ፤ በእግርዎ ይሂዱ፤ ከሰው አይለዩ። የደም ግፊት መድኃኒት የታዘዘልዎ እንደ ሆነ ሕመም ባይሰማዎትም አያቋርጡ። የሚውጡበትን ሰዓት ከሥራ ሰዓት ጋር ሳይሆን ከራትዎ ወይም ከጸሎትዎ ጋር ያያይዙት። ፊት ቢጣመም፣ አንድ እጅ ቢዝል፣ አንደበት ቢተሳሰር፣ ይነጋል ሳይሉ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይድረሱ።

ያ ዘበኛ ዛሬ በምርኵዝ እየተደገፈ እስከ ደጃፉ ይወጣል። እርሱን ለማስታመም ልጁ ሥራውን ስለ ተወ፣ አንድ ሰው ሥራ በማጣቱ ሁለት ሰዎች ሥራ አጡ። እኔ ያን ወረቀት መልሼ ልጽፈው አልችልም። ካቦው ግን ነገ ጧት ዓይኑን ሽበት ባለው ሰው ላይ ከማሳለፉ በፊት ለአንድ አፍታ ሊያሳርፈው ይችላል። ያ ሰው ዛሬ ከሥራ ቦታ ቢመለስ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሕክምና ክፍል ይመጣልና።